ዓሣ ያኮርፋል? ያኮርፋል እንጂ!

የጠያቂያችንን ጽሑፍ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። የዓሣ ገንዳው ታጥቦ ድንጋዮቹ ቦታ ከተቀያየሩ ወዲህ ኦስካር የሚባለው ዓሣቸው ጥግ ይዞ በጎኑ ተጋድሟል፤ ምግብ ሲጣልለት አያይም፤ እርሳቸው ሲቀርቡ ጅራቱን ያዞርባቸዋል። «ዓሣ ያኮርፋል ወይስ ታሞብኝ ነው? የእናንተስ ዓሦች እንዲህ ያለ ጠባይ አሳይተው ያውቃሉ?» ነው ጥያቄያቸው። 11 ዓመት ዓሣ ሳረባ ካየሁት ልመልስ፤ ቢረዝም ይቅርታ።

በቅድሚያ ውሃውን ይመርምሩ፤ ኩርፊያና ሕመም ከሩቅ ይመሳሰላሉና። ከውሃው አብዛኛው በአንድ ጊዜ ከተለወጠ፣ ወይም የማጣሪያው ስፖንጅ ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ ከታጠበ፣ ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ያልቁና ዓሣ የሚመርዙት አሞኒያና ናይትራይት ይከማቻሉ። ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። የውሃው ሙቀትም ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሲየስ ቢሆን ጥሩ ነው። ዓሣዎ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ክንፎቹን ከገላው ጋር ያጣበቀ ወይም የውሃው ገጽ ላይ አየር ፍለጋ የሚያዛጋ ከሆነ ነገሩ ኩርፊያ አይደለም። ትንፋሹ የተረጋጋ ሆኖ ዓይኑ እርስዎን የሚከታተል ከሆነ ግን እንኳን ደስ አለዎት፤ ያኮረፈ ኦስካር አለዎት።

ኦስካር ከደቡብ አሜሪካ ወንዞች የመጣ፣ 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚያድግ፣ ሲክሊድ ከሚባለው የዓሣ ቤተሰብ ወገን ነው። ሲክሊዶች ደግሞ ባለርስቶች ናቸው። የእኔው ቀኑን ሙሉ ጠጠር በአፉ ሲያመላልስ፣ የተከልሁትን ሲነቅል፣ ማሞቂያውን ከመስታወቱ ሲያላቅቅ ይውል ነበር። እኔ ጥፋት የመሰለኝ ለእርሱ ቤት ማደራጀት ነበር። በየሁለት ሳምንቱ እጄን ሰድጄ «ላሳምርለት» እያልሁ የሠራውን ሁሉ አፈርስበታለሁ። አንድ ቀን ድንጋዮቹን እንደ ሰልፈኛ ደርድሬ ስጨርስ ወለሉ ላይ በጎኑ ተጋደመ። በማግሥቱም እንደ ተጋደመ ነው። ሞቷል ብዬ መረብ ይዤ ስቀርብ አንድ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ። አዞረ እንጂ አልተነሣም። በዚያው ሰዓት እህቴ ምግብ ስትጥልለት ብድግ ብሎ በላ። ከእርሷ ጋር ምን ጠብ አለው!

«ዓሣ ሰው ከሰው የት ይለያል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ከአፉ ውሃ ተኩሶ ነፍሳትን ከቅጠል ላይ የሚጥል አርቸርፊሽ የሚባል ዓሣ አለ። የኦክስፎርድና የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች በ2016 ባወጡት ጥናት ይህ ዓሣ የአንድን ሰው ፎቶግራፍ እንዲተፋበት አሠለጠኑት፤ ከዚያም 44 አዳዲስ ፊቶች ሲያሳዩት በአብዛኛው ሳይሳሳት የለመደውን ለይቶ ተፋበት። ፊት ለይቶ መትፋት ከቻሉ ፊት ለይተው ማኩረፍ ምን ያቅታቸዋል? ይህኛው በእርግጥ የእኔ ግምት እንጂ የተመራማሪዎቹ ቃል አይደለም።

ለጉርብትና ወሬ ግን የታንጋኒካ ሐይቅን ባለቅርፊት ዓሦች የሚያህል የለም። ሙሉ ስማቸው ኒዮላምፕሮሎገስ መልቲፋሲያተስ ነው፤ አርቢዎች «መልቲ» እንላቸዋለን። ትልቁ ወንድ 5 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ነው፤ ሴቷ ከዚያም ታንሳለች። ቤታቸው ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው፤ ቅርፊቱን አሸዋ ውስጥ ይቀብሩትና አፉን ብቻ እንደ በር ከፍተው ይተዉታል። ልጆቹም ካደጉ በኋላ ከወላጆቻቸው መንደር ቶሎ አይወጡም። እኔ 30 ቅርፊት በትኜ 8 ዓሣ ለቀቅሁ። ብዙም ሳይቆይ ገንዳው ሁለት መንደር ሆነ፤ ጠቡም በአሸዋ ተጀመረ።

አንዷ ሴት ደጇን ስትጠርግ አሸዋውን በአፏ ሞልታ ትወጣና ድንበሩ ላይ ትተፋዋለች። ጎረቤቷ ትወጣለች። የተተፋውን አሸዋ ትክ ብላ ታየዋለች፤ ከዚያ በአፏ ትሞላና ወስዳ እዚያችው ሴት በር ላይ ትደፋዋለች። ባለቤቲቱ ትመልሰዋለች፤ ያችኛዋም ትመልሰዋለች። አንድ ምሽት ወንበር ስቤ ተቀምጬ የማን አሸዋ መሆኑ እስኪጠፋኝ ድረስ ሲመላለስ አየሁ። ሁለቱ አፍ ለአፍ ሊያያዙ ሲደርሱ ትልቁ ወንድ እንደ ሽማግሌ መካከላቸው ይገባል፤ አንዷን ወደ ቤቷ ያባርራል፤ ሌላዋን በክንፉ ይገፋል፤ ከዚያ ራሱ ቅርፊቱ ውስጥ ይገባል። እርሱ እንደ ገባ ሁለቱም ይወጣሉ። የወንዱ አስታራቂነት የእኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ ስለዚህ ዝርያ የጻፉ ተመራማሪዎችም መዝግበውታል። የባሰው ደግሞ እኔ እጄን ሳስገባ ነው። ያን ጊዜ ጠቡ ይረሳል፤ ሁለቱ መንደሮች አንድ ላይ ወጥተው ጣቴን ይነክሱታል። ከጣቴ የሚያጥር ፍጥረት ሲነክሰኝ እጄን ደንግጬ ማውጣቴን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ቤተሰብ ለሚወድ ኮንቪክት ሲክሊድን እመክራለሁ። ስሙ የእስረኛ ልብስ ከሚመስሉት ጥቁር መስመሮቹ የመጣ ነው። ባልና ሚስቱ ጫጩቶቻቸውን እንደ መንጋ ይጠብቃሉ። መብራቱ ሲደበዝዝ የወጡትን በአፋቸው እየለቀሙ ወደ ጎሬው ይመልሳሉ። የእኔዎቹ አንድ የማይታዘዝ ልጅ ነበራቸው፤ አባት ሲተፋው ይወጣል፤ እናት ስትተፋው ይወጣል። በመጨረሻ አባትየው እንደ ጎረሰው ረጅም ጊዜ ቆመ። በላው ብዬ ሳዝን ልጁን ጎሬው ውስጥ ተፋውና በሩን በአካሉ ዘጋው።

ፍቅራቸውም ቀልድ አይደለም። በፈረንሳይ የቡርጎኝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ያወጡት ሙከራ አለ። ሴቶቹን ኮንቪክቶች ምግብ ያለበትንና የሌለበትን ሣጥን በክዳኑ ቀለም እንዲለዩ አስለመዷቸው፤ አንዱ ክዳን ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ነበር። ከዚያ ክዳኑ ግራጫ የሆነ፣ ምግብ ይኑርበት አይኑርበት የማያስታውቅ ሣጥን ሰጧቸው። የመረጡት ወንድ ተወስዶ ያልመረጡት የቀረላቸው ሴቶች ወደ ግራጫው ሣጥን ለመሄድ ዘገዩ፤ ተመራማሪዎቹም ተስፋ መቁረጥ ነው ብለው ተረጎሙት። እንግዲህ ጥንድ ከመነጠላችሁ በፊት አስቡበት።

በጎን መተኛትን በተመለከተ ሌላም ወንጀለኛ አለ። ክላውን ሎች የሚባለው ባለብርቱካናማ ዓሣ ጤነኛ ሆኖ ሳለ እንደ ሬሳ ተጋድሞ ይተኛል። የመጀመሪያው ሎቼ ድንጋይ ሥር ተጣሞ ተኝቶ ባገኘሁት ቀን ጓሮ ወጥቼ ጉድጓድ ቆፍሬለት ተመለስሁ። መረቡ እንደ ነካው ተወርውሮ በገንዳው ሌላኛው ጫፍ ደረሰ። ጉድጓዱ ቀረ። እነዚህ በቡድን ካልሆኑ ይደብታሉ፤ ከአምስት ባታሳንሱ ጥሩ ነው። በመካከላቸው የማዕረግ ጠብ ሲነሣ ቀለማቸው ወደ ግራጫ ይገረጣል፤ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅም ከመስታወቱ ውጪ ይሰማል። መጀመሪያ ፓምፑ የተበላሸ መስሎኝ ፈትቼዋለሁ።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ ልለፍ። ቤታ የሚባለው ዓሣ ወንዱ መስታወት ሲያሳዩት ክንፎቹን ዘርግቶ ራሱን ለጠብ ይጋብዛል፤ ለጥቂት ሰከንድ ያስቃል፤ ደጋግሞ ማድረግ ግን ማድከም ነው። «የሚሳሳሙት» ጎራሚ የሚባሉ ዓሦችም አይሳሳሙም፤ ከንፈር ለከንፈር ገጥመው ማን ማንን እንደሚገፋ ይፈታተናሉ። የሠርግ ስጦታ አድርጎ የሰጠኝን ሰው እስካሁን ይህን አልነገርሁትም።

ወደ እርስዎ ኦስካር ልመለስ። ውሃው ደህና ከሆነ ይተዉት፤ ትልቅ ኦስካር ጥቂት ቀን ቢጾም ምንም አይሆንም። ያልበላውን ምግብ ግን ያውጡ፤ ይበሰብሳል። ድንጋዮቹን በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት ይመልሱ፤ ለወደፊቱም ከውሃው አራተኛውን እጅ ያህል ብቻ በየሳምንቱ ይለውጡ እንጂ ቤቱን አያፍርሱበት። መስታወቱን አይንኩ፤ በሩቅ ተቀምጠው ሥራዎን ይሥሩ። የእኔው በአራተኛው ቀን ሳላስበው ተነሣ። የደረደርሁለትን ሰልፍ ዞሮ አየ፤ ትንሹን ድንጋይ በአፉ ገፍቶ ገፍቶ ወደ ድሮው ጥግ መለሰ። ከዚያ ወደ ላይ ወጥቶ ከእጄ ምግብ ተቀበለ፤ ጣቴንም ጨምሮ።