ፋይሉ ሞልቷል፣ ግራይንደሩ ግን ሽፋን የለውም
የሥራ ቦታ ደኅንነት፦ የአንባቢያን ጥያቄና የአዘጋጆቹ መልስ

ጥያቄ፦ 14 ሠራተኞች ያሉት የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። የደኅንነት መመሪያ አስጽፌ፣ ሁሉንም አስፈርሜ ፋይል አድርጌያለሁ። ተቆጣጣሪው ግን መመሪያውን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ወደ ማሽኖቹ ሄደ፤ የማስተካከያ ትእዛዝም ሰጠኝ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ተቆጣጣሪው የሚያየው ወረቀቱ ላይ የተጻፈውና ወለሉ ላይ የሚሠራው መገጣጠሙን ነው። መመሪያዎ «ሽፋን የሌለው ማሽን አይነሳም» እያለ ሽፋን የሌለው ግራይንደር (ብረት በሚሽከረከር ድንጋይ የሚስል ማሽን) እየሠራ ከተገኘ፣ ያ ፊርማ አደጋውን እያወቁ እንደተዉት ማስረጃ ይሆንብዎታል።

ስለዚህ ፋይሉን ትተው ከወለሉ ይጀምሩ። ጥሬ ዕቃው ከሚገባበት በር አንሥተው ምርቱ እስከሚወጣበት ድረስ ይዙሩ፤ በየማሽኑ ላይ የሚሠራውን ሰው ከጎንዎ ያቁሙ። «ምን ሊጎዳህ ይችላል?» ቢሉት «ምንም» ይልዎታል። «እጅህን ቶሎ የምትሰበስበው የት ጋ ሲደርስ ነው?» ብለው ቢጠይቁት ግን ቦታውን በጣቱ ያሳይዎታል። ያገኙትን እያንዳንዱን አደጋ በአንድ መስመር ይጻፉ፦ አደጋው ምንድን ነው፣ ማንን ይጎዳል፣ አሁን ምን መከላከያ አለ፣ ምን ይጨመር፣ ማን ይሥራው፣ በየትኛው ቀን ይለቅ። «በቅርቡ» የሚል ቃል ቀን አይደለም።

የጠረጴዛ ግራይንደሩን ለብቻው ይዩት። የሚሳለው ብረት የሚደገፍበት ማረፊያ ከድንጋዩ ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር፣ በላይ በኩል ሽፋኑ ጫፍ ላይ ያለው ተስተካካይ ምላስ (ትንሽ የብረት ሳህን) ከድንጋዩ ያለው ክፍተት ደግሞ ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ችግሩ ድንጋዩ በሠራ ቁጥር እያለቀ መሄዱ ነው፤ ማንም ሳይነካው ክፍተቱ ይሰፋል። ሲሰፋ የሚሳለው ብረት ይገባና ይቀረቀራል፤ ድንጋዩ ሊፈነዳ ወይም ጣት ሊጎትት ይችላል። 3 እና 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ቁራጭ ብረቶች በሰንሰለት አሥረው ማሽኑ ላይ ያንጠልጥሉ፤ በየጠዋቱ ማሽኑ ሳይነሳ ክፍተቱን በእነሱ መለካት ደቂቃ አይፈጅም። ማስተካከያው የሚሠራውም ድንጋዩ ቆሞ፣ ኃይሉ ተቋርጦ ነው።

አዲስ ድንጋይ ሲገጠም በላዩ የተጻፈው የዙር ፍጥነት ከማሽኑ ፍጥነት ማነስ የለበትም። ከመገጠሙ በፊት በቀዳዳው አንጠልጥለው በእንጨት እጀታ ቀስ አድርገው ይምቱት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ተሰንጥቋልና ይጣል።

ጥያቄ፦ የጆሮ መከላከያ ገዝቼ ዋጋውን ከደመወዛቸው ቆረጥኩ፤ ሆኖም አያደርጉትም። «የጓደኛዬ ድምፅ አይሰማኝም» ይላሉ።

መልስ፦ በመጀመሪያ የቆረጡትን ገንዘብ ይመልሱ። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 የደኅንነት ወጪ ሠራተኛው ላይ እንዳይወድቅ ይደነግጋል።

ቅሬታቸው ደግሞ እውነትነት አለው። ድምፅን ከልክ በላይ የሚያፍን መከላከያ የሰው ጥሪና የማስጠንቀቂያ ደወል እንዳይሰማ ስለሚያደርግ፣ ሠራተኛው አውልቆ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። በብዛት የሚሠራበት የድምፅ ገደብ ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ነው፤ በተለመደው ስሌት 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት። ሁለት ሜትር ርቆ ከቆመ ሰው ጋር ለመነጋገር ድምፅዎን ከፍ ማድረግ ካስፈለገዎት የክፍሉን ድምፅ ያስለኩ። መከላከያ ከመምረጥዎ በፊት ግን ወደ ምንጩ ይሂዱ፦ የላላ ሽፋን ይጥበቅ፣ ከማሽኑ እግር ሥር ጎማ ይደረግ፣ ኮምፕሬሰሩ ከተቻለ ከክፍሉ ይውጣ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ድምፅ ጆሮ ጋ ሲደርስ ከ75 እስከ 80 ዴሲቤል እንዲሆን የሚያወርድ መከላከያ ይበቃል።

መከላከያው በጆሮ ውስጥ የሚገባው የስፖንጅ ዓይነት ከሆነ አደራረጉን በተግባር ያሳዩ፤ በጣት እየጠቀለሉ ማቅጠን፣ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ስቦ ማስገባት፣ እስኪሰፋ 30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ። አብዛኛው ክፍሉ ከጆሮ ውጭ ከታየ ምንም አልሠራም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ማሽን ሲጸዳ ማጥፊያውን መጫን አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ከውጭ የመጣ ባልደረባ ማሽኑ ቆሞ ሲያይ ያስነሳዋል፤ የሚያጸዳው ሰው እጅ ደግሞ ውስጥ ነው። ዋናው ብሬከር (የኤሌክትሪክ ማቋረጫ) ይውረድ፤ የሚጠግነው ወይም የሚያጸዳው ሰው የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፍበት፤ ቁልፉን ኪሱ ይክተት፤ ስሙን የያዘ ካርድ ያንጠልጥል። ሁለት ሰዎች ከሆኑ ሁለት ጓጉንቸር ይሁን። ኃይል ተቋርጦም የሚቀር ጉልበት አለ፤ የታመቀ አየር ይተንፍስ፣ ወደ ላይ የተነሳ ዕቃ ይውረድ ወይም ይደገፍ። ብዙዎች የሚዘሉት የመጨረሻው እርምጃ ማስነሻውን ተጭኖ አለመነሳቱን ማረጋገጥ ነው፤ የተሳሳተ ብሬከር መውረዱ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የእሳት ማጥፊያዎቼ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ሁሉ አረንጓዴው ላይ ነው። አንዱ ግን ጌጅ የለውም፤ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ቀንድ የመሰለ ጥቁር አፍ ካለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ነው፤ ጌጅ የለውም። መሙላቱ የሚታወቀው በሚዛን ነው፤ ክብደቱን ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ጋር ያነጻጽሩ። ሲረጭ በጣም ስለሚቀዘቅዝ ሠራተኞችዎ አፉን በባዶ እጅ እንዳይይዙት ያስተምሯቸው።