ሃይማኖትና የሥራ ቦታ ሕግ በአሜሪካ፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ የምመልሰው ስለ ፌዴራል ሕግ ነው፤ ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። ያላችሁበትን ስቴት፣ የሠራተኞቹን ብዛትና ነገሩ የተፈጠረበትን ቀን ጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ 200 ሠራተኛ ያለው መጋዘን ውስጥ ነኝ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለብኝ ብለው አለቃዬ «ለአንድ ሰው ብዬ ፕሮግራም አላዛባም» አለኝ።

መላሽ፦ ይህ በደንብ መመለስ አለበት። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ታይትል 7፣ ማለትም የሥራ ቦታ አድልዎን የሚከለክለው ክፍል፣ ቢያንስ 15 ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ይይዛል። በ1972 ሲሻሻል አሠሪው ከመጠን ያለፈ ጫና ካልሆነበት በቀር የሠራተኛውን ሃይማኖታዊ ግዴታ እንዲያመቻች ተደነገገ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1977 በሃርዲሰን ጉዳይ ከኢምንት ያለፈ ወጪ ሁሉ «ጫና» ነው የሚል አነጋገር ተጠቀመ። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው በአብዛኛው ሲሸነፍ ኖረ፤ እምነት ያላቸው ድሆች ናቸው የተጎዱት። በ2023 እሑድ አልሠራም ባለው የፖስታ ሠራተኛ በግሮፍ ጉዳይ 9ኙም ዳኞች መለኪያውን ከፍ አደረጉት፦ አሠሪው ከሥራው አጠቃላይ ሁኔታ አንጻር ወጪው በእጅጉ እንደሚጨምር ማሳየት አለበት። ባልደረቦች ሃይማኖትህን ስለጠሉ ማጉረምረማቸው አይቆጠርለትም። በፈቃደኝነት ፈረቃ መቀያየርን የመሰሉ አማራጮችንም ማየት ይጠበቅበታል።

አሁኑኑ ኢሜይል ጻፍ። ግዴታህ ምን እንደሆነ፣ ከየትኛው ፈረቃ ጋር እንደሚጋጭ፣ በምትኩ መቼ መሥራት እንደምትችል ግለጽ። መልስ ሳታገኝ ዝም ብለህ አትቅር፤ «ያባረርነው ስለቀረ ነው» ይሉሃል፣ ክርክሩም ከሃይማኖት ወጥቶ ወደ መቅረት ይዞራል።

ጥያቄ፦ እኔም እሑድ ያሠሩኛል፣ ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ከላይ ተመልሷል። በጽሑፍ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለጃንዋሪ 7 የገና ፈቃድ ከለከሉኝ።

መላሽ፦ ሕጉ በዓልንም ይጨምራል። ግጭቱን የሚያስቀር ከሆነ ያለ ክፍያ ፈቃድ ሊሰጡሽ ይችላሉ፤ የማመቻቻውን ዓይነት አንቺ አትመርጪም። በጽሑፍ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ አለቃዬ በእምነቴ የተነሳ የሚጠላኝ ይመስለኛል።

መላሽ፦ ምን አደረገ? መቼ? «ይመስለኛል» ላይ ተነሥቼ መልስ መስጠት አልችልም።

ጥያቄ፦ ከተባረርኩ 5 ወር ሆነኝ። ጆርጂያ፣ የግል ድርጅት። የድርጅቱን የውስጥ ይግባኝ ውጤት እየጠበቅኩ ነው።

መላሽ፦ አትጠብቅ! ለኢኢኦሲ፣ ማለትም ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን፣ አቤቱታ የሚቀርበው በ180 ቀን ውስጥ ነው። ተመሳሳይ ሕግ የሚያስፈጽም የስቴት ወይም የአካባቢ መሥሪያ ቤት ባለበት 300 ይሆናል፤ የአንተ 180 ነው። ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ፤ የውስጥ ይግባኝ ቀኑን አያቆመውም። የቀረህ አንድ ወር ገደማ ነው። በድረ ገጹ መጠይቅ መሙላት ብቻውን አቤቱታ አይደለም፤ ቃለ መጠይቅ አድርገህ አቤቱታውን መፈረም አለብህ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ደግሞ መንገዳችሁ ሌላ ነው፦ የመሥሪያ ቤታችሁን የእኩል ዕድል አማካሪ በ45 ቀን ውስጥ አግኙ።

አባል 1፦ ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች የሠርግ ኬክ አልሠራም ያለው ሰው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ረትቷል። እንግዲህ ማንም ነጋዴ በእምነቱ ደንበኛ መመለስ ይችላል።

አባል 2፦ አይችልም። በ2018 የረታው የኮሎራዶ ስቴት የሲቪል መብቶች ኮሚሽን ለእምነቱ ጥላቻ ስላሳየ ነው፤ ዋናው ጥያቄ አልተወሰነም።

አባል 1፦ የ2023ቱስ? ለእንዲህ ያለ ሠርግ ድረ ገጽ አልሠራም ያለችው?

አባል 2፦ እሱ የንግግር ነፃነት ነው እንጂ የሃይማኖት አይደለም።

መላሽ፦ ሁለተኛው ልክ ነው። የራስን መልእክት የሚይዝ የፈጠራ ሥራ አንድ ነገር፣ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ሰው መመለስ ሌላ ነገር። የዛሬው ርዕስ ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ ይብቃ።

ጥያቄ፦ ቤተ ክርስቲያናችን የሌላ እምነት ተከታይ አልቀጥርም ማለት ትችላለች? ዘበኛስ?

መላሽ፦ ትችላለች፤ ታይትል 7 ለሃይማኖት ድርጅቶች ይህን ይፈቅዳል፣ በ1987 በአሞስ ጉዳይ ለሕንፃ ሠራተኛም ጸንቷል። ዘበኛውን በዘሩ ወይም በቆዳ ቀለሙ መምረጥ ግን አትችልም። ካህንና ሃይማኖት አስተማሪ ሌላ ነው፦ ከ2012ቱ የሆዛና ታቦር ውሳኔ ወዲህ እነሱን በመቅጠርና በማሰናበት ጉዳይ የአድልዎ ሕጎቹ አይገቡም። ለቤተ ክርስቲያን ትልቅ ነፃነት ነው፤ ለተሰናበተው አስተማሪ ግን በዚህ ሕግ የሚከስበት መንገድ የለውም። ሁለቱንም እወቁ።

ጥያቄ፦ ጠበቃ የግድ ነው?

መላሽ፦ ለአቤቱታው አይደለም፤ ክፍያም የለውም። ከኢኢኦሲ የመክሰስ መብት ደብዳቤ ከደረሳችሁ ግን ፍርድ ቤት ለመሄድ 90 ቀን ብቻ ስላላችሁ በዚያው ሳምንት ጠበቃ ፈልጉ።