ለዳርምሽታት ደባሎች የጻፍሽውን መልእክት አየሁት

«የምጽፍልዎት ከባሕር ዳር ነው። ጀርመን አገር በዳርምሽታት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ተቀብለውኛል፤ ትምህርቱ ኦክቶበር ላይ ይጀመራል። ለ43 የኪራይ ክፍሎች መልእክት ልኬ የመለሱልኝ ሁለት ናቸው። አንደኛው ‹ውጭ አገር ነኝ፤ 900 ዩሮ ከላክሽ ቁልፉን በፖስታ እልክልሻለሁ› ይላል። ፍራንክፈርት የአክስቴ ልጅ አለ፤ እሱ ጋ ልግባ? የላክሁትን መልእክት አያይዤዋለሁ። ጥያቄዬ የሙያ ምክር ካልሆነ ይቅርታ።»

እህቴ፣ ይቅርታው አያስፈልግም። ጀርመን ውስጥ አድራሻ ሳይኖር ሥራ መያዝ ይከብዳል፤ ስለዚህ ጥያቄሽ በትክክል የእኔ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ 900 ዩሮውን አትላኪ። አከራዩ ውጭ አገር ነው፣ እንዲታመን የፓስፖርት ፎቶ ይልካል፣ ክፍሉ ከዋጋው በላይ ያምራል፣ ቁልፉ በፖስታ ይመጣል። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት! እኛ አገር ቀብድ ካልያዝሽ ቤቱ ያመልጥሻል፤ ልማዱ ስላለብን ነው ቶሎ የምንታለለው። እዚያ መያዣው («ካውሲዮን» ይሉታል) ውል ተፈርሞ ነው የሚከፈለው። ሕጉ ከሦስት ወር «ቀዝቃዛ» ኪራይ እንዲበልጥ አይፈቅድም፣ ተከራዩም በሦስት ወር ከፋፍሎ መክፈል ይችላል። ቀዝቃዛ ማለት ማሞቂያው፣ ውኃው፣ ቆሻሻው ያልተጨመረበት ነው፤ ሁሉም ሲደመር «ሙቅ» ይባላል። ከዝግ ሒሳብሽ (ለቪዛው ብለሽ አስቀድመሽ ከምታስገቢው የመኖሪያ ገንዘብ) በወር የሚለቀቅልሽ 992 ዩሮ መሆኑን እያሰብሽ ሁልጊዜ ሙቁን ጠይቂ። የጤና መድኑ ብቻውን ከመቶ ዩሮ በላይ ይወስዳል።

አሁን ወደ መልእክትሽ። «ታታሪና ሥነ ሥርዓት ያለኝ፣ በ3.87 ነጥብ የተመረቅሁ፣ በቡድን ሥራ የማምን…» እያለ ይቀጥላል። ለዩኒቨርሲቲው ቢሆን እሰየው ነበር። ጀርመኖች «ቬጌ» በሚሉት የጋራ ቤት ግን ደባል የሚመርጡት አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ሳይሆን እዚያው የሚኖሩት ልጆች ናቸው። ለአንድ ክፍል ብዙ መልእክት ይደርሳቸዋል፤ ጥቂቶቹን ይጠሩና ወጥ ቤት ቁጭ አድርገው ያወራሉ። ማወቅ የሚፈልጉት ነጥብሽን አይደለም። ስንት ሰዓት ትነሻለሽ? ሳህን አጥበሽ ትተኛለሽ ወይስ ለነገ ታሳድሪዋለሽ? ማታ አብሮ መብላት ትወጃለሽ ወይስ በርሽን መዝጋት? የጽዳት ተራሽ ሲደርስ ትጠፊያለሽ?

43ቱም ጋ የሄደው መልእክት አንድ ነው፤ ይህም ያስታውቃል። ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አንብቢና ከውስጡ አንድ ነገር አንሺ፤ ድመት አለን ካሉ ስለ ድመቷ ጻፊ። ስለ ራስሽም ሐሰት የሌለበት ነገር። እንዲህ ቢሆንስ፦ «ማልጄ እነሳለሁ፤ ቅዳሜ ቡና እቆላለሁ፤ ወጥ ስሠራ ሽንኩርቱ ረጅም ሰዓት ስለሚቁላላ ወጥ ቤቱ ይሸታል፤ መስኮት እከፍታለሁ፤ መቅመስ ለሚፈልግ ደግሞ ይተርፋል።» የሽንኩርቱን ሽታ ደብቀሽ ገብተሽ በሁለተኛው ሳምንት ከመጣላት አስቀድሞ መናገር ይሻላል። (ቡናውን ስትቆዪ መስኮቱን የእውነት ክፈቺ፤ ጣሪያው ላይ የጭስ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ዕጣኑንም አይምርም።) አጀማመሩን፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር እንኳ ቢሆን፣ በጀርመንኛ አድርጊው።

በቪዲዮ እናውራ ካሉሽ ሰዓቱን ልብ በይ። እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ድረስ እኛ በአንድ ሰዓት እንቀድማቸዋለን፤ «18 ሰዓት» ሲሉሽ በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። በዚህ ብቻ ቀጠሮ ያመለጠው ልጅ አውቃለሁ።

የአክስትሽ ልጅ ጋ ግቢ፤ ግን አስቀድመሽ አንድ ነገር ጠይቂው፦ «እቤትህ መመዝገብ እችላለሁ?» ቤት ከገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ አድራሻ ማስመዝገብ አለብሽ፤ ለዚያም ቤቱን የሰጠሽ ሰው የፈረመበት ወረቀት ይጠየቃል። ምዝገባው ሲያልቅ የግብር ቁጥርሽ በፖስታ ይመጣል፤ ሥራ ስትይዢ ቀጣሪሽ ደመወዝሽን የሚያሰላው በእሱ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱም ያንኑ የምዝገባ ወረቀት ይፈልጋል። እንግዲህ «ርካሽ ነው ግን መመዝገብ አይቻልም» የሚል ክፍል ለአንቺ ርካሽ አይደለም። ሳይኖሩበት አድራሻ በገንዘብ የሚያስመዘግቡም ሰዎች አሉ፤ ሕገ ወጥ ነው፣ ቅጣቱም ከባድ ነው፤ አበሻ ቢሆንም አትስሚው።

ፖስታ የሚገባው በስም ነው። የቤቱ ሳጥን ላይ የአባትሽ ስም ፓስፖርትሽ ላይ ባለው ፊደል ካልተለጠፈ ፖስተኛው ደብዳቤውን ይዞ ይመለሳል። በገባሽበት ቀን ለጥፊው።

ከፍራንክፈርት ዳርምሽታት በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ስለዚህ ለመጀመሪያው ወር የሚያስቸኩልሽ ነገር የለም። እስከዚያ የዳርምሽታት የተማሪዎች አገልግሎት ማደሪያ ዛሬውኑ ተመዝገቢ፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ የምትሰለፊው ለሚቀጥለው ሴሜስተር ጭምር ነው። በቬጌ-ጌዙኽት (የጋራ ቤት ክፍል የሚፈለግበት ድረ ገጽ) ላይ ፍለጋሽን በአቅራቢያው ወዳሉት ከተሞች፣ ወደ ዲቡርግና ወደ ላንገን፣ አስፊው። «ጽቪሸንሚቴ» የሚለውንም እዪ፤ ለልምምድ ወይም ለልውውጥ ትምህርት የሚሄድ ተማሪ ክፍሉን ለጥቂት ወራት የሚያከራይበት ነው። ውድድሩ ላላ ይላል፤ ከውስጥ ሆኖ ቀጣዩን ክፍል መፈለግም ከባሕር ዳር እንደመፈለግ አይደለም። እዚህም ጥያቄው ያው ነው፤ መመዝገብ ይቻላል ወይ፣ ዋናው አከራይስ ፈቅዷል ወይ።

ሥራውን በተመለከተ፣ ከ2024 ጀምሮ ለውጭ ተማሪ የሚፈቀደው በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው። የመጀመሪያውን ሴሜስተር ግን በእሱ ላይ አትመሥርቺ።

ሁለተኛው መልስ የሰጠሽ ሰው ምን እንዳለሽ አልነገርሽኝም። አዲሱን መልእክት በእሱ ላይ ሞክሪው፤ ከመላክሽ በፊት ረቂቁን ብታሳይኝ ጀርመንኛውን አብረን እናየዋለን።