ሞርፊን ለመጨረሻው ሰዓት ይቆጠባል?

ጥያቄ፦ የአባቴ የፕሮስቴት ካንሰር ወደ አጥንቱ ተሰራጭቶ፣ ሐኪሞቹ እንደማይድን ነግረውናል። በየ4 ሰዓቱ የሚወሰድ ፈሳሽ ሞርፊን ቢታዘዝለትም እኛ የምንሰጠው ሕመሙ ሲያስጮኸው ብቻ ነው። ወንድሜ ሱስ ይሆንበታል፣ ዕድሜውንም ያሳጥራል ይላል፤ እኔ ደግሞ ከአሁኑ ከለመደው በመጨረሻው ሰዓት የሚያስታግሰው እንዳናጣ እፈራለሁ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እንደታዘዘው በሰዓቱ ይስጡት። ፈሳሽ ሞርፊን የሚያስታግሰው ለ4 ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ አባትዎ እስኪጮሁ ሲጠበቅ የቀደመው መጠን ኃይሉ አልቆ፣ አዲሱ ደግሞ ሥራ እስኪጀምር ግማሽ ሰዓት ያህል በከንቱ ይሠቃያሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ለማይድኑ ሕሙማን እንክብካቤ የሚሰጠውን የሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን የመሠረተችው ሐኪም ሲሲሊ ሳንደርስ አጥብቃ ታስተምር የነበረው ይህንኑ ነው፤ ማስታገሻው ሕመሙ ሳይመለስ ይቅደመው። በመሃል ድንገት ለሚነሣ ሕመም የሚሰጠውን ተጨማሪ መጠን ሐኪሙ አስቀድሞ ይጻፍልዎ።

የእርስዎ ስጋት ከወንድምዎ ይልቅ ብዙ ሕሙማንን ሲጎዳ አይቻለሁ። ሞርፊን ከዚህ በላይ አይሠራም የሚባል የተወሰነ ጣሪያ የለውም፤ ሕመሙ ሲብስ ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል፣ ዛሬ የተሰጠውም ከነገው አይቀነስም። ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱ ሱስ አይደለም፤ ነገር ግን በድንገት ማቋረጥ አይገባም። ለሕመሙ ተመጥኖ ቀስ በቀስ የሚጨመር ሞርፊን ዕድሜን እንደማያሳጥር ለወንድምዎ ይንገሩት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ ቢበዛባቸው አይደንግጡ፤ ከፊሉ ሕመሙ የነፈጋቸው እንቅልፍ ነው። የሆድ ድርቀቱ ግን በጊዜ ብዛት ስለማይለቅ፣ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ ይሰጥ።

የፕሮስቴት ካንሰር የሽንት መተላለፊያን ዘግቶ ኩላሊትን ሊያደክም ይችላል፤ ያን ጊዜ ሞርፊን በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ለመንቃት ከተቸገሩ፣ እጅና እግራቸው ከተወራጨ፣ ከቃዡ ወይም አተነፋፈሳቸው ከዘገየ ሳይዘገይ ለሐኪም ይነገር። እግራቸው ድንገት ከዛለ ወይም ሽንታቸውን መቆጣጠር ካቃታቸው፣ ካንሰሩ ኅብለ ሰረሰርን ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል በዚያኑ ዕለት ይታዩ። የአጥንቱን ሕመም ብዙ ጊዜ አንድ ዙር የጨረር ሕክምና እንኳ ስለሚያቀለው፣ ይህንንም ይጠይቁ።

መዋጥ የሚያቅታቸው ቀን ሲመጣ ሞርፊኑ አይቋረጥም፤ ከቆዳ ሥር በመርፌ ሊሰጥ ይችላል። መርፌውን ማን እንደሚወጋ፣ ሌሊት ማን እንደሚጠራ ከአሁኑ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩ።