«ያብራልህ» ወይስ «ያበራልህ»? የኮሄኖች በረከት በአማርኛ ሲጻፍ

ጥያቄ፦ በምኵራብ ኮሄኖች (ከአሮን ዘር የተወለዱ ካህናት) ሕዝቡን የሚባርኩበትን ሥርዓት ለወላጆቼ በአማርኛ እየጻፍኩላቸው ነው። «ፊቱን ያበራልህ» ልበል ወይስ «ያብራልህ»? የሚባረከው ጉባኤ ስለሆነ «ይባርካችሁ» ብል ስሕተት ነው? «ኮሄን»ንስ «ካህን» ብዬ ብጽፈው?

መልስ፦ «ያብራልህ» ይበሉ። በዘኍልቁ 6፥24–26 ያሉት ስድስት ግሦች ሁሉም በትእዛዝ አንቀጽ የሚነገሩ ናቸው፤ ይባርክህ፣ ይጠብቅህ፣ ያብራልህ፣ ይራራልህ፣ ያንሣ፣ ይስጥህ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመጀመሪያው ቁጥር ስለሚያዘናጋው ነው። ከ«ይባርክሃል» እና ከ«ይጠብቅሃል» መጨረሻ ላይ ያለው «አል» ሲወድቅ ትክክለኛው ምርቃት ይገኛል፣ ግንዱ አይነካም። በ«ያበራልሃል»፣ በ«ያነሣል» እና በ«ይሰጥሃል» ግን ግንዱም ይለወጣል፤ ያብራ፣ ያንሣ፣ ይስጥ። «ፊቱን ያበራልህ» ወይም «ሰላም ይሰጥህ» ያልተቋጨ ሐረግ ነው፤ «ዘንድ» ወይም «ነበር» ካልተከተለው አይቆምም።

አንቀጹ ከሕጉም ጋር የተያያዘ ነው። ቁጥር 27 ኮሄኖቹ ስሙን በእስራኤል ልጆች ላይ እንደሚያደርጉ፣ የሚባርከው ግን እግዚአብሔር እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ ኮሄኑ «እባርክሃለሁ» አይልም፣ «ይባርክሃል» ብሎ ትንቢትም አይናገርም፤ ይለምናል። «ኮሄኖቹ ባረኩን» ማለት ግን ነውር የለበትም፤ ኦሪት ራሷ «ባርኳቸው» ብላ ታዛለች።

«ህ»ን ወደ «አችሁ» አይለውጧት። ዕብራይስጡ ለብዙ ሺህ ሰው፣ ለወንዱም ለሴቱም፣ በነጠላ ነው የሚነገረው። ኮሄኑ ከራሱ ቃል እንዳይጨምር ተከልክሏል፤ ሚሽናም (የጥንቱ የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ) በረከቱ በቅዱሱ ቋንቋ ብቻ እንዲነገር ያዛል። የእርስዎ አማርኛ እንግዲህ ማብራሪያ እንጂ ምትክ አይደለም፤ ቃሉን ሲጠቅሱ ነጠላውን ይጠብቁ፣ በራስዎ አነጋገር ሲያብራሩ «ይባርካችሁ» ማለት ይችላሉ። ዓርብ ማታ ወላጆች ልጆቻቸውን በዚሁ ቃል ሲመርቁ ግን የምኵራቡ ሥርዓት ስላልሆነ፣ ለሴት ልጅ በአማርኛ «ይባርክሽ» ማለት ያምራል።

ሥርዓቱን ሲገልጹ «እጅ ማንሣት» የሚለው ያስቸግርዎታል። ዕብራይስጡ በቀጥታ እንዲያ ይላል፤ በአማርኛ ግን «እጃቸውን አነሡብን» ካሉ ሊመቱን ነው ማለት ነው። «እጃቸውን አንሥተው ባረኩን» ብለው ይጻፉ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ኮሄኖቹ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ሌዋውያን እስከ እጅ አንጓቸው ውኃ ያፈሱላቸዋል። ጸሎት መሪው «ሬጼ» የሚለውን የጸሎት ክፍል ሲጀምር ወደ ታቦቱ (የኦሪት ጥቅልሎች ወደሚቀመጡበት ሣጥን) ፊት መራመድ ይጀምራሉ፤ እስከዚያ ክፍል መጨረሻ ድረስ እግሩን ያላነቃነቀ በዚያ ጸሎት ለመባረክ አይወጣም። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ «ኮሃኒም» ተብለው ይጠራሉ፤ አንድ ብቻ ከሆነ አይጠራም፣ ራሱ ወደ ሕዝቡ ይዞራል። የሚዞሩት በቀኝ ነው። እጃቸውን እስከ ትከሻ ከፍ አድርገው (ቀኙ ከግራው ትንሽ ከፍ ይላል) በጣቶቻቸው መካከል አምስት ክፍተት ያበጃሉ፤ ታሊቱ (የጸሎት መጎናጸፊያው) ፊታቸውንና እጃቸውን ይሸፍናል፣ ሕዝቡም አያያቸውም። መሪው ቃል በቃል ያስቀድማል፣ እነሱ ጮክ ብለው ይከተላሉ። ቃላቱ 15 ናቸው፤ በመጀመሪያው ቁጥር 3፣ በሁለተኛው 5፣ በሦስተኛው 7። በየቁጥሩ መጨረሻ ሕዝቡ «አሜን» ይላል። ያለ በቂ ምክንያት ከኮሄኖቹ ጀርባ የቆመ ሰው በበረከቱ አይካተትም፤ ስለዚህ «ፊት ለፊት» የሚለውን ቃል በጽሑፍዎ ውስጥ አይዝለሉት። በእስራኤል በአብዛኛው ቦታ ይህ በየቀኑ ጠዋት ይደረጋል፤ ከእስራኤል ውጭ ያሉ አሽከናዞች (የመካከለኛና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድን ልማድ የሚከተሉ) ግን ለበዓላት ብቻ ያቆዩታል።

«ኮሄን»ን እንዳለ ይተዉት። ቤተ እስራኤል ዘንድ «ካህን» ሲባል አእምሮ ላይ የሚመጣው ቄሱ ነው፤ ቄስነት በትምህርትና በሹመት ይገኛል። ኮሄንነት ግን ከአሮን ጀምሮ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው፣ ማንም ተምሮ አይደርስበትም። መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ «ኮሄን፣ ማለትም ከአሮን ዘር የተወለደ ካህን» ብለው ቢፈቱት ይበቃል።

የዕብራይስጡን ድምፅ በፊደላችን መጻፍ ካሰቡ ደግሞ በ«ያኤር» («ያብራ») ላይ ይጠንቀቁ፤ በ«ኤ» እንጂ በ«ዔ» አይጻፍም። እኛ አልፋውን «አ» እና ዓይኑን «ዐ» በአንድ ድምፅ ስለምናነብ ልዩነቱ ኢምንት ይመስለናል። በታልሙድ (ሚሽናን በሚያብራራው የሊቃውንት መጽሐፍ) ግን የቤት ሸአንና የሃይፋ ሰዎች ሁለቱን ስለሚያቀያይሩ ጸሎት እንዲመሩ አይቀርቡም ነበር፤ የታልሙድ ተንታኙ ራሺም ይህ ቃል በዓይን ከተነገረ በረከቱ ወደ እርግማን እንደሚዞር ያስረዳል። የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ የሆነው ሹልሐን ዓሩክም እንዲህ የሚያቀያይር ኮሄን እጁን እንዳያነሣ ያዛል፤ የአገሩ ሰው ሁሉ እንደዚያው የሚናገር ከሆነ ግን ኋላ የመጡት ሊቃውንት ፈቅደዋል።