ጎረቤት ሁሉ ጠላት ነው?

ጥያቄ፦ ቡና ላይ ክርክር ተነሳ። አንዱ «የጠላቴ ጠላት ወዳጄ ነው ያለው የጥንት ህንዳዊ ነው፤ የዛሬው ዲፕሎማሲም በዚያው ይሄዳል» አለ። እውነት ነው?
አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። ሐሳቡ ያለው የጥንቱ ህንዳዊ የነገሥታት አማካሪ ካውቲልያ (ቻናክያም ይሉታል) ጻፈው በሚባለው «አርታሻስትራ» በተሰኘው የአገር አስተዳደር መጽሐፍ ውስጥ ነው። መጽሐፉ ለዘመናት ጠፍቶ ኖሮ በ1905 እ.ኤ.አ. ማይሶር ውስጥ በዘንባባ ቅጠል ላይ እንደተጻፈ ተገኘ፤ በ1909 ታተመ።

እስኪ በሰፈር እናስላው። አራት ኪሎ ንጉሥ ቢሆን ድንበርተኛው ፒያሳ ጠላት፣ ከፒያሳ ማዶ ያለው መርካቶ ወዳጅ ይሆናል። የእናንተ ክርክር እዚህ ቆመ። ካውቲልያ ግን 12 ነገሥታት ይቆጥራል፤ ራሱ ንጉሡ፣ ከፊት 5፣ ከኋላ 4። ከኋላዎቹ የመጀመሪያው፣ ቀበና እንበለው፣ ወደ ፊት ሲዘምቱ ጀርባ የሚወጋው ነው። የቀሩት ሁለቱ፣ የንጉሡም የጠላቱም ድንበርተኛ የሆነው መካከለኛና ከሁሉም የሚበረታው ገለልተኛ ናቸው። ሰው የሚዘነጋው እነዚህን ሁለቱን ነው፤ ስሌቱን የሚገለብጡት ግን እነሱ ናቸው። ደግሞም ጠላት ስለሆነ ብቻ ጦርነት አይከፈትበትም፤ ከጠላቱ የደከመ ንጉሥ ይታረቃል፣ እኩያው የሆነ አድፍጦ ይጠብቃል።

ዛሬስ? በህንድ ዋና ከተማ በኒው ዴልሂ የኤምባሲዎቹ ሰፈር በእሱ ስም ቻናክያፑሪ ይባላል። የአገሪቱ አርማ ግን ራሱ የከፈተው የካሊንጋ ጦርነት ያስጸጸተው የጥንቱ ንጉሥ አሾካ የድንጋይ አንበሶች ነው። ህንድ በ1954 ከቻይና ጋር በ5 የሰላም መርሆዎች ተስማማች፤ በ1962 ሁለቱ ጎረቤታሞች ተዋጉ።