የማታው ሥራ ወይስ የጠዋቱ?

ጥያቄ

እንዴት ሰነበቱልን እትዬ? የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። የ36 ዓመት ሰው ነኝ፤ በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ አለኝ። ባለቤቴ ታማ ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። ሁለት ልጆች አሉን፤ ሴቷ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ወንዱ አራት።

እሷ እያለች በአንድ የመንገድ ፕሮጀክት እስቶር ኪፐር ነበርኩ። ፕሮጀክቱ ከቆመ ወዲህ ለባለሱቆች መዝገብ እየጻፍኩ፣ ሲገኝም የቀን ሥራ እየሠራሁ ነው የምንኖረው። አሁን እግዚአብሔር ይመስገን በአንድ ሳምንት ሁለት ሥራ መጣልኝ፤ ሁለቱም የሙሉ ቀን አይደሉም። ለወራት ስለምን የቆየሁት ነገር ሁለት ሆኖ ሲመጣ ደስታው ቀርቶ እንቅልፍ ነሳኝ።

አንደኛው ሆቴል ነው። ገንዘብ ተቀባይ ይፈልጋሉ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን። ደመወዙ 6,500 ብር ነው፣ እራትም እዚያው ይበላል። ሆቴሉ ከተማው ዳር ነው፤ ስወጣ ሰው የሚጭን ባጃጅ ስለማይኖር በኮንትራት 60 ብር ከፍዬ ነው የምገባው። ሁለተኛው የግል አጸደ ሕፃናት ነው። የሒሳብና የመዝገብ ቤት ሥራ፣ ከጠዋቱ 1:30 እስከ 6:30፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በ4,500 ብር። በእግር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ትንሹን ልጅህን በግማሽ ክፍያ እንቀበልልሃለን ብለውኛል፤ ሙሉው በወር 800 ብር ነው። የክረምቱን ሁለት ወር ግን አይከፍሉም መሰለኝ። በግልጽ አልነገሩኝም፣ እኔም ሥራው እንዳያመልጠኝ ብዬ አልጠየቅኩም።

እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ ሆቴሉ ያዘነብላል። ለባለቤቴ ሕክምና ከታላቅ ወንድሜ የተበደርኩት 40,000 ብር አለ። ወንድሜ አንድ ቀን አምጣ ብሎኝ አያውቅም፤ በበዓል ስንገናኝ የሚስቱ ዝምታ ግን ይገባኛል። አማቴ ቢቸና አካባቢ ገጠር ናቸው፤ "ትንሹን እኔ ልውሰደው፣ ወተቱም እንቁላሉም ሞልቷል" ይሉኛል። ሴቷ ልጄ ብልህ ናት። የመንግሥት ትምህርት ቤት ትማራለች፤ ፈረቃ ነው፣ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት። ከሰል ታያይዛለች፣ ሽሮ ትሠራለች፣ ቤት ቆልፋ መጠበቅም ትችላለች። አንዲት የጎረቤት ልጅ ማታ ማታ አብራ እንድታመሽ ብጠይቃት በወር 1,500 ብር አለችኝ፤ በዛብኝና ተውኩት።

የሰፈሩ ሰው ደግሞ የራሱ መፍትሔ አለው፦ "አግባ" ነው። ሙት ዓመቷ ከወጣ ጀምሮ እድር ላይ ሳይቀር እመከራለሁ። ሞግዚት ፍለጋ ሚስት ማግባት ግን አልታየኝም። ሆቴሉ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጠን ብሏል። ምን ይሉኛል?

የሁለት ልጆች አባት፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ

ወንድም ዓለም፣ ባለቤትህን ነፍስ ይማር።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ አጸደ ሕፃናቱ ስትጽፍ ትንሹ ልጅህ አለ፤ ክፍያው ሳይቀር ተቆጥሯል። ስለ ሆቴሉ ስትጽፍ ግን ልጁ ቢቸና ገብቷል፣ እኅቱም ቤት ቆልፋ ተቀምጣለች። ሆቴሉን የመረጥክ ዕለት ልጁን መስጠትም አብረህ ትወስናለህ ማለት ነው። ስለዚህኛው ውሳኔ ግን አልጠየቅከኝም።

ልብህን የሳበው ብሩ ስለሆነ ከብሩ እንጀምር። የሒሳብ ሰው ነህና ከተሳሳትኩ አርመኝ። 6,500ም 4,500ም እንዳሉ እጅህ አይገቡም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ከዚያ እስከ 4,000 ባለው ላይ 15 በመቶ፣ ከ4,000 እስከ 7,000 ባለው ላይ 20 በመቶ ይቆረጣል። ስለዚህ ከሆቴሉ 800 ብር፣ ከትምህርት ቤቱ 400 ብር ለግብር ይሄዳል። 7 በመቶው የጡረታ መዋጮም ሲነሣ ከሆቴሉ 5,245፣ ከትምህርት ቤቱ 3,785 ብር ይቀርሃል።

ትምህርት ቤቱ የፈራኸውን ያህል ክፉ ሆኖ አሥር ወር ብቻ ይከፍላል እንበል። የልጁን ግማሽ ክፍያ ቀንሰን የቀረውን ለአሥራ ሁለት ወር ስናካፍለው በወር ወደ 2,820 ብር ይመጣል። የሆቴሉስ? በወር 26 ማታ በኮንትራት ባጃጅ ከገባህ 1,560 ብር መንገድ ላይ ይቀራል። ልጆቹ አብረውህ ቢኖሩና ያቺን የጎረቤት ልጅ በ1,500 ብትይዛት የሚተርፍህ 2,185 ብር ነው። ከትምህርት ቤቱ ያንሳል!

ሆቴሉ የሚበልጠው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ልጁ ቢቸና ሲሄድና ልጅቷ ብቻዋን ስታመሽ። ያኔ 3,685 ብር ይቀርሃል። ልዩነቱ 860 ብር ገደማ ነው። በዚህ ብር ላይ ሁለቱን ልጆችህን አስቀምጠህ እየው።

በእርግጥ ለሆቴሉም የሚባል አለ። እራትህ ከቤት ወጪ ይወጣል፣ ጠዋት ጠዋትም ከልጆችህ ጋር ትውላለህ። የአራት ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር የሚያሳልፈው ጠዋት ቀላል ነገር አይደለም። ግን በደብዳቤህ አካሄድ ጠዋቱን አብሮህ የሚውል ልጅ ቤት አይኖርም።

ይበልጥ ያስጨነቀችኝ ልጅቷ ናት። "ከሰል ታያይዛለች" ያልከው ለእኔ እንደ ምስጋና አልተሰማኝም። የማርቆስ ብርድ ይታወቃል፤ ማታ በርና መስኮት ተዘግቶ ምድጃው ወደ ውስጥ ይገባል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አየር አይታይም፣ አይሸትም፤ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። ትልቅ ሰውም ሳያውቀው ይሞትበታል፤ የስምንት ዓመት ልጅ ብልህነቷ ከዚህ አያድናትም። በዚያ ላይ ከሰዓት ፈረቃ በሆነችበት ሳምንት አንተ 9 ሰዓት ሥራ ስትገባ እሷ ትምህርት ቤት ናት። ወደ ማታ ወደ ባዶ ቤት ትመለሳለች፣ እሳት ታያይዛለች፣ አንተን እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ትጠብቃለች። እንቁጣጣሽና ገና ሲመጣም ሆቴል አይዘጋም። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ደግሞ ምን እንደሚመጣ ለማርቆስ ሰው አልነግርም፤ አንተ እዚያ እሷ እዚህ ተቆልፋችሁ የምታድሩበት ማታ ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ትምህርት ቤቱ ነው። ሰተት ብለህ ግን አትግባ፤ "ሥራው እንዳያመልጠኝ" ብለህ የዋጥከውን ጥያቄ ከመፈረምህ በፊት ጠይቅ። የሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ የራሱን ደመወዝ ስንት ወር እንደሆነ የማይጠይቅ ሰው ለትምህርት ቤቱ ባለቤትም አያስተማምን! ሐምሌና ነሐሴ ይከፈላል ወይ በል። ምዝገባው የሚጦፈው በክረምት ነው፤ ተማሪ ሲመዘገብ ደረሰኝ የሚቆርጥ ሰው ይፈልጋሉ። "ሁለቱንም ወር ሙሉ ካልሆነላችሁ በምዝገባው ሰሞን የምሠራበትን ክፈሉኝ" ብትል ነውር የለውም። ሁለተኛው ጥያቄ ትምህርት ቤቱ በጸጥታ ምክንያት ቢዘጋ ደመወዝህ ምን እንደሚሆን ነው። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ አንተው አይተኸዋል። የልጁ ግማሽ ክፍያም በቃል ብቻ አይቅር፤ ርዕሰ መምህር ሲቀየር ቃሉም አብሮ ይሄዳል።

ሁሉንም በጽሑፍ ያዝ። ሰዓትህ ስላጠረ ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውጭ አትሆንም። የሙከራ ጊዜህ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ወረቀት ሊሰጥህ ይገባል። ጡረታ ይመዘግቡህ እንደሆነም ጠይቅ። ከአንተ 7 በመቶ ሲቆረጥ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምርልሃል። ብዙ ሰው በ60 ዓመት የሚበላው ገንዘብ አድርጎ ብቻ ያየዋል፤ የአገልግሎት ዘመንህ ከሞላ ግን አንተ ብትሞት ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችህ ተተኪ ሆነው ይካፈሉታል። ብቻህን ስለምታሳድግ ይህን ከማንም በላይ አስብበት።

ትምህርት ቤቱም ቀዳዳ አለው። ልጅቷ ከሰዓት ፈረቃ በሆነችበት ሳምንት ጠዋቱን ብቻዋን ናት። ቀን ስለሆነ እንደ ማታው አያስፈራም፣ እንዲሁ ግን አይተውም። መዝገብ ቤቱ አጠገብ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን እንድትሠራ ርዕሰ መምህሩን ለምነው፤ እምቢ ካለ ያችኑ የጎረቤት ልጅ ለሁለት ሳምንት ጠዋት ብቻ ተደራደራት፤ 1,500 አትልህም። ከሰሉ ግን ከዛሬ ጀምሮ አንተ በሌለህበት አይነካ። ጠዋት የሠራኸውን ሽሮ ቀዝቃዛውን ትብላ።

ከሰዓቱ የአንተ ነው። የባለሱቆቹን መዝገብ አትተው፤ ትንሹ ልጅ ከጎንህ ሆኖ የሚሠራ ሥራ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ነጋዴው ሁሉ ለግብር ሒሳብ የሚያስተካክልለት ሰው ይፈልጋል፤ ያም ትምህርት ቤቱ ደመወዝ ላይሰጥህ የሚችልበት ሐምሌ ነው። ከግንቦት ጀምረህ ደንበኞችህን አነጋግር። ሆቴሉንም በሩን ዘግተህ አትውጣ፤ ቅዳሜና እሑድ ቀን ቀን ገንዘብ ተቀባይ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ጠይቃቸው፣ በተለይ በጥር የሠርግ ሰሞን። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ጎረቤትም ዘመድም ልጅ ይይዝልሃል።

ስለ ዕዳው። በ860 ብር ልዩነት 40,000 ብር ለመክፈል አራት ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀርህም፤ ያኔ ትንሹ ልጅህ ስምንት ዓመቱ ነው። ወንድምህ ካልጠየቀህ አንተ ሂድበት፤ ሚስቱም በተቀመጡበት "በወር ይህን ያህል እሰጣለሁ" ብለህ ቁረጥ። 300 ብርም ይሁን፣ ወር ሳታሳልፍ ስጥ። የሴትዮዋ ዝምታ ምናልባት በገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ስለ ገንዘቡ አንድም ቃል አለመነሣቱም ሊሆን ይችላል።

አማትህን አላማቸውም። በእኛ አገር አያት ዘንድ ማደግ ነውር የለውም፤ ወተቱን ጠጥተው፣ ቅምጥል ተብለው፣ ጨዋ ሆነው የወጡ ስንቶች ናቸው። ደግሞም ልጃቸውን የቀበሩ እናት ናቸው፤ የሚጠይቁት ለወተቱ ብቻ አይመስለኝም። ነገር ግን ልጁ እናቱን ካጣ ገና ዓመት ከመንፈቅ ነው፤ አሁን አባቱንና እኅቱን በአንድ ቀን አታሳጣው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ሁለቱንም ይዘህ ሂድ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ ጥቂት ሳምንት ይክረሙ። ይህን ለአማትህ በስልክ ሳይሆን ሄደህ በአካል ንገራቸው፤ ከሌላ ሰው ከሰሙት ይቀየሙሃል።

"አግባ" ለሚሉህ መልሱን አንተው ጽፈኸዋል፤ የምጨምርበት የለኝም። የምትወዳት ሴት ስትመጣ ሌላ ደብዳቤ ጻፍልኝ።

ነገ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሄደህ ያልኩህን ጠይቅ። መልሳቸው ደህና ከሆነ ለሆቴሉም የወሩን መጨረሻ ሳትጠብቅ ንገራቸው፤ በቦታው የሚጠብቅ ሌላ ሰው ይኖራል።

እትዬ